ባለቤት ያጣ አጥር፦ የጎሣ ፖለቲካና የፖሊስ ገፀባሕርይ በቺኑዋ አቼቤ ልቦለዶች

መግቢያ

በቺኑዋ አቼቤ «የሕዝብ ሰው» ልቦለድ መገባደጃ ላይ ወጣቱ መምህር ኦዲሊ ሳማሉ፣ ሊወዳደረው በተነሣው በሚኒስትር ናንጋ የምርጫ ቅስቀሳ ስብሰባ መካከል ማንነቱን ሰውሮ ይገኛል። ብዙም ሳይቆይ ይታወቅበታል። ሚኒስትሩ ወደ መድረኩ አስወጥቶ በሕዝብ ፊት ያዋርደዋል፤ ዱላውም ይከተላል። ኦዲሊ ራሱን ስቶ ከመውደቁ በፊት በመጨረሻ አየሁት ብሎ የሚተርክልን የደብዳቢዎቹን ፊት አይደለም፤ በሥፍራው ቆመው የነበሩት ፖሊሶች በሙሉ ፊታቸውን አዙረው በጸጥታ ሲሄዱ ነው።

ይህ ድርጊት በልቦለዱ ውስጥ የያዘው ቦታ ከአንድ ዐረፍተ ነገር ብዙም አይበልጥም። ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል ሐያስያን ሲያልፉት የኖሩት። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በጥር 1966 ነው። በዚያው ወር፣ ጥር 15 ቀን፣ በናይጄሪያ የመጀመሪያው ወታደራዊ መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ። ልቦለዱም በመፈንቅለ መንግሥት ስለሚያበቃ፣ ደራሲው ከሤራው ጋር ንክኪ ሳይኖረው አይቀርም ተብሎ እስከመጠርጠር ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ መጽሐፉ የተነሣው ክርክር በአመዛኙ በዚህ «ትንቢት» ላይ ያተኮረ ሆነ። ትንቢቱ ግን ከመፈጸሙ በፊት ምክንያት ነበረው። ያንን ምክንያት ከሚያሳዩት መካከል አንዱ እነዚያ ጀርባቸውን የሰጡ ፖሊሶች ናቸው።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው። አዲስ ነፃ በወጣ አገር ውስጥ የጎሣ ፖለቲካ የፖሊስን ምግባር የሚለውጠው በምን መንገድ ነው? የተለመደው መልስ ፖሊሱ የወገኑን ወገን ይወዳል፣ የባዕዱን ይጠላል፤ ስለዚህ ያደላል የሚል ነው። አቼቤ የሚሰጠው መልስ ከዚህ ይለያል ብዬ አምናለሁ። በእርሱ ልቦለዶች ውስጥ ፖሊሱን የሚያበላሸው ጥላቻው አይደለም፤ የሚያገለግለው መንግሥት ባለቤት ማጣቱ ነው። ባለቤት የሌለውን ነገር ደግሞ ቀድሞ የያዘው የራሱ ያደርገዋል። ጎሣ ይህንን ይዞታ ሕጋዊ ለማስመሰል የሚነገርበት ቋንቋ ነው። አማርኛ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል። ፖሊስ የመንግሥት አጥር ነው ብንል፣ የአቼቤ ጥያቄ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አጥሩ ምን ሊጠብቅ ይችላል የሚል ይሆናል።

ለማስረጃ የምጠቀምባቸው አራት ልቦለዶች «ነገሮች ሲፈራርሱ» (1958)፣ «እንግዲህ ዕረፍት የለም» (1960)፣ «የሕዝብ ሰው» (1966) እና «የሣር ምድር ኩይሳዎች» (1987) ናቸው። ርእሶቹን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ዓመታቱም በጽሑፉ ውስጥ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የባዕድ በትር

አንድ ፖሊስ ዛሬ የሚሠራውን ለመረዳት ትናንት ለምን እንደተፈጠረ ማወቅ ይጠቅማል። አቼቤም የሚጀምረው ከዚያ ነው። በ«ነገሮች ሲፈራርሱ» ሦስተኛ ክፍል ውስጥ «ኮትማ» የሚባሉ ሰዎች ይመጣሉ። ቃሉ «የፍርድ ቤት መልእክተኛ» የሚለው የእንግሊዝኛ መጠሪያ በኢግቦ አንደበት ተሰባብሮ የተገኘ ነው። እነዚህ መልእክተኞች የኡሙኦፊያ ልጆች አይደሉም። ከታላቁ ወንዝ ዳር፣ ኡሙሩ ከተባለ ሥፍራ የመጡ ናቸው። እስረኛ ይደበድባሉ፤ የተከበረውን ሽማግሌ ሣር ያሳጭዳሉ። ሕዝቡም በቁምጣቸው አመድማ ቀለም የተነሣ ስድብ አውጥቶላቸዋል።

ከሁሉም የሚያስገርመው የቅጣቱ ታሪክ ነው። የነጩ አስተዳዳሪ ኦኮንኮንና አምስት የመንደሩን መሪዎች በተንኮል ካሰረ በኋላ፣ መንደሩ ሁለት መቶ ከረጢት ዛጎል ከፍሎ እንዲያስፈታቸው ይፈርዳል። መልእክተኞቹ ወደ መንደሩ ወርደው የሚናገሩት ግን ሁለት መቶ ኀምሳ ብለው ነው። ኀምሳው የእነርሱ ድርሻ መሆኑ ነው። አቼቤ በዚህች ትንሽ የሒሳብ ልዩነት ውስጥ አንድ ሥርዓት አስቀምጧል። መልእክተኛው በገዥውና በተገዥው መካከል ይቆማል፤ የሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ስለሆነ ትርጉሙን ይሸጣል። ለገዥው ይፈራል እንጂ አይታመንም፤ ለተገዥው አያዝንም፤ ወገኑ አይደለምና።

ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በሌጎስ ያቋቋሙት ቀዳሚ የጸጥታ ኃይል በአመዛኙ ከሐውሳ ተወላጆች የተመለመለ ነበር። በ1879 ሲደራጅም «የሐውሳ ኮንስታብል» የሚለውን ስም ነው የያዘው። የሚጠብቀው ግን የዮሩባን ምድር ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ከሚጠብቀው ሕዝብ ጋር ዝምድናም ቋንቋም የሌለው ሰው ተኩስ ሲባል አያመነታም። የሰሜኑና የደቡቡ ኃይሎች ተዋሕደው የናይጄሪያ ፖሊስ የተባለው ድርጅት የተመሠረተው በ1930 ነው። አገሪቱ ጥቅምት 1 ቀን 1960 ነፃ ስትወጣ የወረሰችው ይህንኑ ድርጅት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ናይጄሪያዊ ዋና ኢንስፔክተር ሉዊስ ኤዴት መንበሩን የያዘው በ1964 ነው። ነፃነት ከተገኘ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እንግዲህ የጎሣ ጉዳይ በፖሊሱ ቤት ውስጥ የገባው ከነፃነት በኋላ አይደለም። ቤቱ ሲሠራ በመሠረቱ ውስጥ ነበር። ልዩነቱ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ፖሊሱ ለሁሉም እኩል ባዕድ እንዲሆን ይፈለግ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ግን ለአንዳንዱ ባዕድ፣ ለአንዳንዱ ወገን ሆነ።

ሁለት ሽልንግ

«እንግዲህ ዕረፍት የለም» ነፃነት በተገኘበት ዓመት የታተመ ቢሆንም፣ ታሪኩ የሚፈጸመው በነፃነት ዋዜማ ነው። የኦኮንኮ የልጅ ልጅ ኦቢ ከእንግሊዝ አገር ተምሮ ተመልሷል። ከሌጎስ ወደ ትውልድ መንደሩ በጭነት መኪና ሲጓዝ ሁለት ፖሊሶች መኪናውን ያስቆማሉ። የሾፌሩ ረዳት እንደ ልማዱ ሁለት ሽልንግ ለመስጠት ይወርዳል። ከፖሊሶቹ አንዱ ቀና ሲል ኦቢ ትኩር ብሎ ሲያየው ዐይን ለዐይን ይገጣጠማሉ። ገንዘቡ ሳይቀበል ይቀራል፤ በምትኩ የመኪናው ወረቀት ይመረመራል፣ ጥፋት ይቈጠራል። መኪናው ትንሽ ሄድ ብሎ ይቆምና ረዳቱ ወደ ኋላ ሮጦ ይሄዳል። አሁን የሚከፈለው ዐሥር ሽልንግ ነው። ሾፌሩም ተሳፋሪውም የሚቆጡት በፖሊሱ ላይ አይደለም፤ ፖሊሱን ዐይን ዐይኑን ባየው በኦቢ ላይ ነው።

በዚህ ትዕይንት ውስጥ ጎሣ የለም። ፖሊሶቹ የየት ተወላጆች እንደሆኑ አናውቅም፤ የሚናገሩት እንግሊዝኛና የአገሬው ንግግር የተቀየጠበትን «ፒጂን» የሚሉትን ቋንቋ ነው። ይህን ልብ ማለት ይገባል። አቼቤ ቋንቋን ከገፀባሕርይ ጋር የሚያገናኝ ጠንቃቃ ደራሲ ነው። የመንደር ሽማግሌ በምሳሌያዊ አነጋገር ይናገራል፤ የተማረው በመጽሐፍ እንግሊዝኛ። ፖሊሱ የሚናገረው ግን የሁሉም የሆነና የማንም ያልሆነ ቋንቋ ነው። አንባቢ ከአነጋገሩ ተነሥቶ «ይህ የእገሌ ወገን ነው» ሊል አይችልም። ደራሲው ይህንን በር ሆን ብሎ የዘጋብን ይመስለኛል።

ጎሣ ያለው በሌላ ቦታ ነው፤ ኦቢን ስምንት መቶ ፓውንድ አበድሮ ያስተማረው የኡሙኦፊያ ተራማጅ ማኅበር በሚሰበሰብበት ክፍል። የማኅበሩ አባላት በሌጎስ የሚኖሩት እንደ እንግዳ ነው። አንድ አባል በስብሰባ ላይ የሚናገረው ነገር ጥልቅ ነው፤ በዚህች ምድር እኛ መጻተኞች ነን፣ መልካም ነገር ከመጣ ድርሻችን ይድረሰን፣ ክፉ ነገር ከመጣ ግን ወደ ምድሪቱ ባለቤቶች ይሂድ የሚል ትርጉም አለው። ሁለቱን ትዕይንቶች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የአቼቤ ሐሳብ መታየት ይጀምራል። መንግሥት የሌላ ሰው ቤት ነው፤ ከሌላ ሰው ቤት ለወገን አንድ ነገር ማምጣት ስርቆት ሳይሆን ጀግንነት ነው። ሁለት ሽልንግ የሚቀበለውም ፖሊስ፣ ሥራ አስገባልን የሚለውም ማኅበር የሚጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው። ገና አልተገናኙም እንጂ። የሚያገናኛቸው ምርጫ ነው።

የዞረው ጀርባ

«የሕዝብ ሰው» የሚፈጸመው ስሟ በማይጠቀስ አገር ነው። ጎሣዎቿም ስም የላቸውም። ይሁንና ናንጋ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ ቀድሞ ተማሪው ዞር ብሎ የእኛ ሰዎች ከብሔራዊው ኬክ ተገቢ ድርሻቸውን መጠየቅ አለባቸው የሚል ምክር ሲሰጥ እናገኘዋለን። ኬኩ ከዚያ በኋላ በልቦለዱ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። የኦዲሊ ጓደኛ ማክስ አዲሱን ፓርቲ ለማስተዋወቅ ወደ ኡሩዋ መንደር መጥቶ ስለ ሙስና ሲናገር፣ አንድ የመንደሩ ሰው የሚረዳው በራሱ መንገድ ነው፤ የናንጋ መንደር አናታ በልቷል፣ አሁን ወደ ሳሕኑ እንድንጠጋ ቦታ ይልቀቅልን ይላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ለሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አይሻም።

እዚህ ላይ የሚታየው የጎሣ ፖለቲካ ትልቁን ጎሣ ከትልቁ ጎሣ የሚያጋጭ ብቻ አይደለም። እስከ መንደር ድረስ ይወርዳል። አናታና ኡሩዋ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ጎረቤታሞች ናቸው። ወገን የሚለው ቃል እንደ ጎማ ነው፤ ሲፈለግ አገርን ያቅፋል፣ ሲፈለግ ወደ አንድ ቀበሌ ይሰበሰባል። ኡሩዋ ለገዛ ልጁ ለኦዲሊ ድጋፉን ሲሰጥ፣ ለመንደሩ የመጡት የውኃ ቧንቧዎች ተመልሰው ይጫናሉ።

ወደ ፖሊሶቹ እንመለስ። በናንጋ ስብሰባ ላይ ፊታቸውን ያዞሩት የናንጋ ዘመዶች ነበሩን? ልቦለዱ አይነግረንም። ይህ ዝምታ የሒሳችን መሠረት መሆን አለበት። ደራሲው ፖሊሶቹ የናንጋ ጎሣ ናቸው ቢለን ኖሮ ነገሩ በቀለለ፤ ዘመድ ለዘመዱ አደላ ብለን መጽሐፉን ባጠፍነው። ዘመድ መሆናቸውን ሳይነግረን እንደ ዘመድ ሲያገለግሉት ሲያሳየን ግን፣ ከዝምድና የበረታ ነገር እንዳለ እንገነዘባለን። ፖሊሱ ያወቀው የናንጋን ዘር ሳይሆን የቤቱን ባለቤት ነው። ባለቤቱ በሚደበድብበት ቦታ የአጥሩ ሥራ መቆም ሳይሆን መከፈት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ይህንን ያጸናል። ኦዲሊ በሆስፒታል አልጋ ላይ የሚገኘው እንደ ተበዳይ ሳይሆን እንደ እስረኛ ነው፤ በመኪናው ውስጥ አደገኛ መሣሪያ ይዟል ተብሏል። ማክስም በምርጫው ዕለት በሌላው ሚኒስትር በኮኮ ሰዎች መኪና ተገጭቶ ይሞታል። እጮኛው ዩኒስ ከቦርሳዋ ሽጉጥ አውጥታ ኮኮን ትገድለዋለች። የዚያን ጊዜ ፖሊሶቹ ይገኛሉ፤ አፈፍ አድርገው ይወስዷታል። እንግዲህ ፖሊሱ ሰነፍ አይደለም፤ ፈሪም አይደለም። መቼ እንደሚዞርና መቼ እንደሚይዝ በትክክል ያውቃል። የጎሣ ፖለቲካ የሚያስተምረው ይህንን እውቀት ነው። ሕግን አያስረሳም፤ ሕጉ ለማን እንደተጻፈ ያስለያል እንጂ።

ተቃራኒውን ምስል አቼቤ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጦታል። ጆሳያ የተባለው ባለሱቅ የዓይነ ስውሩን የአዞጌን በትር ለመተት ብሎ ይወስዳል። መንደርተኛው ፖሊስ አይጠራም። ከሱቁ መግዛት ያቆማል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሱቁ ይዘጋል። የመንደሩ ፍርድ፣ ጆሳያ ባለቤቱ እስኪያውቅ ድረስ ወሰደ የሚል ነው። ኦዲሊም በመጽሐፉ መጨረሻ ወደዚህ ነገር ይመለሳል፤ በመንደር ውስጥ ባለቤት አለ፣ በአገር ደረጃ ግን ባለቤት የሚባል የለም፣ ስለዚህ የመንደሩ ሕግ ኃይል ያጣል ወደሚል ሐሳብ ይደርሳል። ፖሊስ በሌለበት ፍርድ አለ፤ ፖሊስ ባለበት ፍርድ የለም። የልቦለዱ ጭብጥ በእኔ ንባብ ይኸው ነው።

ታሪክ ምን ይላል?

ልቦለድን በታሪክ ሚዛን ብቻ መመዘን ተገቢ አይደለም። ይሁንና አቼቤ ይህንን ሲጽፍ በዙሪያው ምን ያይ እንደነበር ማስታወስ ንባቡን ያጠራል።

በመጀመሪያው ሪፐብሊክ ዘመን ናይጄሪያ አንድ ፖሊስ ብቻ አልነበራትም። ከፌዴራሉ ፖሊስ ሌላ በሰሜንና በምዕራብ ክልሎች በአካባቢ አስተዳደሮች ሥር የሚታዘዙ ፖሊሶች ነበሩ። የሰሜኑ ከአሚሮቹ ሥልጣን ጋር የተቆራኘ ሲሆን፣ የምዕራቡ ክልሉን በያዘው ፓርቲ እጅ ነበር። ሁለቱም የተቃዋሚን ስብሰባ በመበተንና ደጋፊውን በማሰር ስማቸው ተነሥቷል። ግንቦት 25 ቀን 1962 በኢባዳን የምዕራብ ክልል ምክር ቤት ውስጥ ጠብ ሲነሣ ፖሊስ በአስለቃሽ ጢስ እንደራሴዎቹን በተነ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በጥቅምት 1965 በዚያው ክልል የተካሄደው ምርጫ በቃጠሎና በግድያ ተጠናቀቀ። «የሕዝብ ሰው» የታተመው ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ ነው።

በዚህ ታሪክ ላይ ቆመው ችግሩ የአካባቢ ፖሊስ ነበር የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የናይጄሪያ መንግሥታትም ያንን ተቀበሉ። ከ1966 በኋላ በነበሩት ዓመታት የአካባቢ ፖሊሶች ወደ አንዱ ብሔራዊ ፖሊስ እንዲገቡ ተደረገ፤ የ1979ና የ1999 ሕገ መንግሥቶችም ከአንድ በላይ ፖሊስ እንዳይኖር ደነገጉ። ከዚያ ወዲህ ለክልሎች የራሳቸው ፖሊስ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለው ክርክር ሲነሣና ሲወድቅ ኖሯል።

ለዚህ ክርክር የአቼቤ ልቦለድ አንድ የማይመች ማስረጃ ያቀርባል። የምሥራቁ ክልል፣ ማለት የደራሲው ትውልድ ምድር፣ የአካባቢ ፖሊስ አልነበረውም። አናታና ኡሩዋ ደግሞ በባህላቸውም በአነጋገራቸውም ወደ ምሥራቁ ያደሉ መንደሮች ናቸው። ስለዚህ ደራሲው በዐይነ ኅሊናው የሣላቸው ፖሊሶች ከማዕከል የተላኩ ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም። ፊታቸውን ግን አዞሩ። አዛዡ በሰፈር ውስጥ ቢቀመጥ ወይም በመናገሻ ከተማ፣ መንግሥቱ ራሱ በድርሻ የሚቆረስ ኬክ እስከሆነ ድረስ የፖሊሱ ምግባር አይለወጥም። ሌጎስም እንደ አናታ የአንድ ሰው መንደር ልትሆን ትችላለች።

ሪፖርት የሚቀበል በሌለበት

«የሣር ምድር ኩይሳዎች» የወጣው ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ የእርስ በርስ ጦርነት ተካሂዷል፤ ወታደሮች ወጥተው ወርደዋል። አገሪቱ አሁን ካንጋን የሚል የፈጠራ ስም አላት። አባዞን የተባለው ክፍለ ሀገር ለፕሬዚዳንቱ የዕድሜ ልክ ሥልጣን በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድጋፉን ስለነፈገ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮው ተቋርጦበታል። የኡሩዋ ቧንቧ በአባዞን ጉድጓድ ተተክቷል። አቼቤ ቅጣቱ አንድ መሆኑን፣ ያደገው መጠኑ ብቻ መሆኑን እያሳየን ነው።

የጋዜጣ አዘጋጁ ኢኬም የአባዞን ተወላጅ ነው። ከአባዞን የመጡ ሽማግሌዎችን በሆቴል ተቀብሎ ሲወጣ አንድ የትራፊክ ፖሊስ መኪናህን ያለ መብራት አቆምህ ብሎ ይከሰዋል። ኢኬም ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሲሄድ አለቃው ማንነቱን ያውቅና ደንግጦ የበታቾቹን ይሰድባል። ትዕይንቱ ያስቃል። ግን ሳቁ መራራ ነው፤ ሁለቱም ፖሊሶች የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነውና፦ ይህ ሰው የማን ነው? ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልሱ ይለወጣል። ኢኬም ከአገሩ ሰዎች ጋር መገናኘቱ የሤራ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል፤ ይወሰዳል፤ በግብግብ መካከል ሞተ የሚል መግለጫ ይወጣል። የትውልድ ቦታ ወንጀል ሆነ ማለት ነው።

የመጨረሻው የፖሊስ ትዕይንት ወደ አባዞን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሸሽቶ በአውቶቡስ የሚጓዘው ክሪስ አንድ ኬላ ላይ ሰካራም ሕዝብ ያጋጥመዋል። ፕሬዚዳንቱ ጠፍቷል፤ መንግሥት ተገልብጧል፤ ፖሊሶቹም ከሕዝቡ ጋር ቢራ ይጠጣሉ። አንድ ሳጅን አንዲት ወጣት ነርስ እየጎተተ ሊደፍር ሲወስዳት ክሪስ ይደርሳል። ለዋና ኢንስፔክተሩ ሪፖርት አደርግሃለሁ ይለዋል። ሳጅኑ ለማን ነው ሪፖርት የምታደርገው ብሎ ያፌዛል፤ ይተኩሳልም።

ይህንን ከ1966ቱ ትዕይንት ጋር እናነጻጽር። ያኔ ፖሊሱ የዞረው ባለቤቱ ስለነበረ ነው። አሁን የሚተኩሰው ባለቤቱ ስለጠፋ ነው። ክሪስ የሞተው አንድ የማይገኝ ባለሥልጣን ስም በመጥራቱ ነው ማለት ይቻላል። ሳጅኑ ደግሞ በፒጂን ነው የሚናገረው፤ የየት ሰው እንደሆነ ዛሬም አናውቅም። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ የጎሣ ድርሻ ክፍፍል ለፖሊሱ ያስተማረው አንድ ነገር ነው፤ ከጌታ በቀር ሕግ የለም። ጌታ ሲጠፋ የሚቀረው ጠመንጃው ነው። የወገንተኝነት ፍጻሜ ለወገን እንኳ የማይጠቅም መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ገጽ በአቼቤ ሥራዎች ውስጥ አላገኘሁም።

የደራሲው ጉድለት

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለደራሲው የሚያደላ ነው። መባል ያለበት ሌላም ነገር አለ። በአራቱም መጻሕፍት ውስጥ ከእነዚህ ፖሊሶች አንዱም ውስጡ አይታይም። ስማቸውን አናውቅም፤ ደመወዛቸው ስንት እንደሆነ፣ ማታ ወዴት እንደሚገቡ፣ ፊታቸውን ካዞሩ በኋላ ለሚስታቸው ምን እንደሚሉ አይነገረንም። ፖሊስ ሁልጊዜ የሚታየው ከተማረው ሰው ዐይን ነው፤ ከኦቢ፣ ከኦዲሊ፣ ከክሪስ። የተማረው ሰው ደግሞ ለሁለት ሽልንግ የማይቸገር ነው።

ሌሎች ደራስያን ይህን ሞክረውታል። ወሌ ሾይንካ «መንገዱ» (1965) በተባለው ተውኔቱ ከሾፌርና ከዱርዬ ጋር የሚውል ጉቦኛ ፖሊስ አስገብቷል፤ ፓርቲኩላርስ ጆ የሚል ስም አለው፤ እንስቅበታለን፣ ግን ሰው ነው። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ«የደም አበባ ቅጠሎች» (1977) ውስጥ ኢንስፔክተር ጎድፍሬይን የሣለው ከውስጥ ነው፤ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ አገልግሎ፣ ፖሊስ የሥልጣኔ ምሰሶ ነው ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ነው። ክፋቱ ከእምነቱ እንጂ ከስግብግብነቱ አይመነጭም። አቼቤ እንዲህ ዓይነት ፖሊስ አልሰጠንም።

ታዲያ ይህ ጉድለት ነው ወይስ ስልት? ሁለቱንም ነው እላለሁ። በ«የሕዝብ ሰው» ውስጥ ስም የለሽነቱ ሥራ ይሠራል፤ ጀርባ ስም የለውምና። በ«የሣር ምድር ኩይሳዎች» ውስጥ ግን ይጎድላል። ክሪስን የገደለው ሳጅን የሦስት አሥርተ ዓመታት ውጤት ከሆነ፣ እነዚያን ዓመታት በእርሱ በኩል አንድ ገጽ እንኳ ልናይ ይገባን ነበር። ያለዚያ አንባቢ ሰካራም አውሬ አይቶ ያልፋል፤ ሥርዓቱን አያይም።

የጎሣን ስም መደበቁስ? በ2012 ባሳተመው «አገር ነበረች» በተሰኘ የትዝታ መጽሐፉ አቼቤ ያንን መጋረጃ ቀዶታል። በ1966 በሰሜን በምሥራቅ ተወላጆች ላይ የደረሰውን ጭፍጨፋ፣ በኢግቦዎች ላይ የነበረውን ቅሬታ፣ ሁሉንም በስሙ ጠርቶ ጽፏል። ወገኖቹ ያለቁበት ሰው ስም መጥራቱ መብቱ ነው፤ በዚህ የሚወቅሰው ሊኖር አይገባም። ነገር ግን የያዝነውን ጥያቄ በተመለከተ ልቦለዱ ከትዝታው ይልቅ ሩቅ ያያል የሚል እምነት አለኝ። የትዝታው አንባቢ ማን እንደበደለ ይማራል። የልቦለዱ አንባቢ በዳዩ ሌላ ቢሆንም ኖሮ ፖሊሱ እንደሚዞር ይማራል። የመጀመሪያው ለፍርድ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ዳግመኛ እንዳይሆን።

ማጠቃለያ

በጥቅምት 2020 የናይጄሪያ ወጣቶች «ሳርስ» የተባለውን ልዩ የፖሊስ ክፍል በመቃወም አደባባይ ወጡ። ክፍሉ በ1992 ወንበዴን ለመከላከል ተቋቁሞ የነበረ ሲሆን፣ ጥቅምት 11 ቀን እንዲፈርስ ታዘዘ፤ ጥቅምት 20 ቀን ምሽት ደግሞ በሌጎስ ሌኪ በተባለው ሥፍራ በሰልፈኞች ላይ ተተኮሰ። ከወጣቶቹ መካከል ብዙዎቹ አቼቤን በትምህርት ቤት ያነበቡ ሊሆኑ ይችላሉ። መፈክራቸው ግን የዘር አልነበረም። የጠየቁት፣ ፖሊሱ የእኛ ጎሣ ይሁን ብለው አይደለም፤ ለሁላችንም የሚጠየቅ ይሁን ብለው ነው። በአቼቤ ቋንቋ፣ ባለቤቱ እኛ ነን ማለታቸው ነበር።

ለአማርኛ አንባቢም ይህ ሩቅ አገር ወሬ አይመስለኝም። የአፍሪካን ልቦለድ ስናነብ ዐይናችን ወደ ሚኒስትሩና ወደ ተማረው ወጣት ይሮጣል፤ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ረግጠነው እናልፋለን። አቼቤ ግን የአገሩን ታሪክ በዚያ ሰው አቋቋም ውስጥ ጽፎታል፤ መጀመሪያ የባዕድ በትር፣ ቀጥሎ የተዘረጋ እጅ፣ ከዚያ የዞረ ጀርባ፣ በመጨረሻም የተቀባበለ ጠመንጃ። ኦዲሊ ከመውደቁ በፊት ያያቸው ጀርባዎች በሦስተኛው ደረጃ ላይ ናቸው። ከእነርሱ መካከል አንዱ እንኳ ወደ ኋላ ዞሮ ቢያይ ኖሮ መጽሐፉ ሌላ መጨረሻ ይኖረው ነበር። አቼቤ ግን በ1966 እንዲህ ያለ ፖሊስ አላየም፤ ያላየውንም አልጻፈም።